ሰሙ ለእንግዳ፤ ወርቁስ ለማን ነው?

ስለ ኪነ ጥበብ ነጻነትና ስለ መንግሥታት ወዳጅነት

መንግሥት ከመንግሥት ጋራ የሚነጋገርበት ቃል ሁለት ነው። አንደኛው በመልእክተኛ አፍ የሚነገር፥ በወረቀት ተጽፎ በማኅተም የሚጸና ቃል ነው። ሁለተኛው ግን ማኅተም የሌለው፥ በዜማና በቅኔ፥ በሥዕልና በሕንፃ፥ በቴያትርና በመጽሐፍ ሕዝብ ለሕዝብ የሚናገረው ቃል ነው። የፊተኛው ቃል ሲፈርስ ታይቷል፤ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ሜዳ በደም እንደ ተፈታ የማያውቅ የለም። ሁለተኛው ቃል ግን ቀስ ብሎ ይገባል፥ ከገባም በኋላ በቶሎ አይወጣም። ስለዚህ በዘመናችን ያሉ መንግሥታት ጥበበኞቻቸውን ወደ ውጭ አገር መላክን፥ እንግዳም በመጣ ጊዜ ጥበባቸውን ማሳየትን እንደ ትልቅ ሥራ ይቈጥሩታል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ላይ ሊመረመር የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ ለእንግዳ የሚታየው ጥበብ የጥበበኛው ቃል ነው ወይስ የአሳዪው? ጥበበኛው ያሰበውን እንዳይናገር ተከልክሎ የተናገረው ቃልስ እውነተኛ ወዳጅ ሊያፈራ ይችላልን? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሲጐበኙ ግብዣ ሊደረግላቸው ነበርና፥ በዚያ ላይ ቅኔ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። እኔም ወጣትነቴን በጎጃም ጉባኤ ቤት የጨረስሁ፥ ዛሬ ዕድሜዬ ኀምሳን ያለፈ፥ ከቅኔ በቀር ለእንግዳ የማቀርበው ገንዘብ የሌለኝ ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። ከግብዣው አስቀድሞ ግን በደጁ ተቀምጠው ምጽዋት የሚለምኑ ድኾች፥ እንግዳ እንዳያያቸው ተብሎ ከስፍራቸው ተነሡ። ይህን ባየሁ ጊዜ አንድ መወድስ ቈጠርሁ። ሰሙ የአብርሃምን እንግዳ ተቀባይነት የሚያመሰግን፥ ወርቁ ግን አልዓዛር ከደጅ ቢነሣ ባለጸጋው ብቻውን እንደሚቀር የሚያመለክት ነበረ። የግብዣው ኀላፊ የሆነ ሰው አስቀድሞ ምሥጢሩን ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። እርሱም በትሕትና፥ «የኔታ፥ ቅኔው መልካም ነው፤ ነገር ግን በእንግዳ ፊት ገመናችንን ምን ያወጣዋል? ምስጋናው ብቻ ይበቃል» አለኝ። እኔም ሳልከራከር ወርቁን አስቀርቼ ምስጋናውን ብቻ አቀረብሁ። ሁሉም አጨበጨበ። ከእንግዶቹ መካከል ግን ግዕዝ የተማረ አንድ ሽማግሌ ነበረና፥ ግብዣው ሲፈጸም ወደ እኔ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ሰሙን ሰምቻለሁ፤ ወርቁ የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ይህ ነገር ለምን እንዳሳፈረኝ ይታወቅ ዘንድ የቅኔን ሥርዐት በጥቂቱ ማስታወስ ያስፈልጋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ያቀርበዋል። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ቢሆን፥ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ቢሆን፥ ቤቱ ካልመታ፥ አገባቡ ከሰዋስው ከወጣ፥ ምሥጢሩም ካልገጠመ መምህሩ ያርመዋል። ዳሩ ግን መምህሩ ዕርማቱን የሚናገረው በጉባኤ ፊት ነው፤ ምክንያቱንም ይሰጣል፤ ተማሪውም መልስ ካለው ይመልሳል። ደግሞም መምህሩ የራሱን አሳብ በተማሪው አፍ እንዲነገርለት አይሻም፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤው ይነቀፋል። እንግዲህ ቅኔ የሥርዐትና የነጻነት ጋብቻ ነው ማለት ነው። ሥርዐቱ ለሰሙ መልክ ይሰጠዋል፤ ነጻነቱ ወርቁን ያመጣዋል። አንጥረኛ ሰሙን የሚያበጀው ወርቁን ሊያፈስበት ነው፤ ወርቁን ትቶ ሰሙን ለገበያ የሚያወጣ አንጥረኛ የለም። እኔ ግን በዚያ ቀን ለእንግዳ ሰም ሸጥሁ።

አሁን ጥያቄውን በጊዮርጊስ አደባባይ ቆመን እንመርምረው፤ ስለ ሥልጣኔና ስለ መንግሥታት ጉዳይ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ስፍራ በከተማችን አይገኝምና። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ ወደ ዓድዋ የዘመተ ነው፤ ባለ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃም የዚያ ድል መታሰቢያ ነው። ነገር ግን የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ኢጣልያዊ መሐንዲስ ነበረ። በኢጣልያ ላይ የተገኘውን ድል የሚያስበው ቤት በኢጣልያዊ እጅ ተነደፈ። በአደባባዩም በፈረስ ላይ የተቀመጠውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት የሠራው ሃርተል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሐውልቱ የተገለጠው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን ነበረ፤ ለዚያም በዓል ከየመንግሥታቱ መልእክተኞች መጥተው ነበረ፤ ከእነርሱም አንዱ የኢጣልያ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ የሆነው የኡዲኔ ልዑል ነበረ።

ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ የኢጣልያ ፋሺስቶች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ይህንኑ ሐውልት ነቅለው ሰወሩት። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜም የከተማውን ሕዝብ ሲፈጁ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ እሳት ለቀቁበት። ሕንፃው ከነጻነት በኋላ ታደሰ፤ ሐውልቱም በ1934 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። እንግዲህ አንድ ሕዝብ በአንድ ትውልድ ውስጥ የዚህ ቤት ነዳፊም አቃጣይም ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ከምን መጣ? ከዘር አልመጣም፤ ሁለቱም ኢጣልያውያን ናቸው። ከጥበብ ማነስም አልመጣም፤ ሮማን የሚያክል የጥበብ ከተማ ያላት አገር ናት። ልዩነቱ የመጣው፥ ፊተኛው የባለቤቱን አሳብ በእጁ ጥበብ ሊገልጥለት የመጣ ሲሆን፥ ኋለኛው ግን ባለቤቱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ቃል ሊያጠፋ የመጣ በመሆኑ ነው። ስለዚህ በሕዝቦች መካከል የጥበብ ወዳጅነት የሚለካው በባለሙያው አገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ቃል ለመናገር በመቻሉ ነው።

ለዚህም የሚያስደስት ሁለተኛ ምስክር አለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፥ በቱርክ አገር ከደረሰው እልቂት የተረፉ የአርመን ልጆች በጉባኤ ሆነው ሙዚቃ ሲነፉ ሰሙ። ከእነዚህም 40 ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አርባ ልጆች የሚባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። እኒህ አገር አልባ ስደተኛ ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማውን ሠሩ፤ ቃሉን ደግሞ የጎጃሙ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ደረሱለት። ዮፍታሔ በደብረ ኤልያስ የተወለዱ፥ ቅኔን በሚገባ የተማሩ፥ በአዲስ አበባም በጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፥ ቴያትርም የደረሱ ሰው ናቸው። በጠላት ዘመን ወደ ሱዳን ተሰደው በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። እንግዲህ አገሩን ያጣ አርመናዊ ዜማ ሰጠ፤ ጎጃሜው የቅኔ ሊቅ ቃል ሰጠ፤ ከሁለቱ አንድ መዝሙር ተወለደ። ይህን ያስገደደ ውል የለም። መዝሙሩ በመንግሥት ፈቃድ የተሠራ ቢሆንም እንኳ ዜማውን ያመጣው የስደተኛው ልብ፥ ቃሉን ያመጣው የባለቅኔው እውቀት ነው። መንግሥት ለጥበበኛ ርእስ ሊሰጠው ይችላል፤ ምሥጢር ሊሰጠው ግን አይችልም። ጥበበኛ ያመነበትን ሲያመሰግንም ምስጋናው ነጻ ነው፤ የማመስገን ነጻነት የሚታወቀው ግን የመውቀስ ነጻነት በአጠገቡ ሲኖር ነው።

ወቀሳን የሚመለከተውም ታሪክ ከዚሁ ከአራዳ አይርቅም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ መስኮብ ሄደው በዚያ የጦር ትምህርት ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ቴያትር ደርሰው በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት እንዲታይ አደረጉ። ይህም በአገራችን በአዲሱ ሥርዐት የተጻፈ የመጀመሪያው ቴያትር ነው። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚወቀሰው ግን የአስተዳደር ጉድለት ነበረ። እንግዲህ ሰሙ አውሬ፥ ወርቁ መንግሥት ነው፤ ቅኔ ለሚያውቅ አገር ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን ባልተገባ ነበር። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ተቈጣ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝም ቴያትሩ ተከለከለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ ልብ ይበል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በነሐሴ ወር፥ የፋሺስት ኢጣልያ መልእክተኞች በዤኔቭ ጉባኤ ፊት ትልቅ የክስ ጽሑፍ አቀረቡ። ክሱም ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች፥ ባርነት ያልጠፋባት፥ ራሷን ለማስተዳደር የማትችል፥ በማኅበሩም ውስጥ ልትቀመጥ የማይገባት ናት የሚል ነበረ። በዚያ ጉባኤ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የቆሙት እነማን ነበሩ ቢባል፥ የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝን በረዳትነት ይዘው የቆሙት እኒያው ተክለ ሐዋርያት ናቸው። አገራቸውን በአውሬ ምሳሌ ስለ ወቀሱ ቴያትራቸው የተከለከለባቸው ሰው፥ አገራቸው በእውነተኛ አውሬ ፊት በቆመች ጊዜ ጠበቃዋ ሆኑ።

ከዚህ ላይ ተከራካሪ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል። «እንግዲያውስ ንግሥቲቱ የከለከሉት በጥበብ ነው። ጠላት ጉድለታችንን እየለቀመ በዓለም ፊት የሚያቀርብ ከሆነ፥ እኛው ራሳችን በቴያትር ብናወጣለት ክሱን አገዝነው ማለት አይደለምን? የቤቱን ገመና በአደባባይ የሚዘረዝር ልጅ ለቤቱ ምን ጠቀመው?» ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። የግብዣው ኀላፊ ለእኔ የነገረኝም ይኸው ነው፤ እርሱም ክፉ ሰው አልነበረም፥ አገሩን የሚወድ ሰው ነበረ። ስለዚህ መልሱን በጥንቃቄ ማየት ይገባናል።

ፊተኛው መልስ ይህ ነው፤ ጠላት ክሱን ለመጻፍ የእኛን ባለቅኔ አልጠበቀም። የኢጣልያ ክስ በዓይን ከሚታየው ነገር፥ ከመንገደኞች ወሬና ከፎቶግራፍ የተሰበሰበ፥ በሐሰትም የተቀባ ነበረ። ተክለ ሐዋርያት ዝም ማሰኘት ከክሱ አንዲት ቃል አላጐደለም። ሁለተኛው መልስ ከፊተኛው ይበልጣል፤ ዝምታው ራሱ ለክሱ ማስረጃ ይሆናል። አንድ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር አይችልም ተብሎ ሲከሰስ የሚጠቅመው ምስክር፥ ጉድለት የለብኝም የሚል ሰው አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ማንም አያምነውምና። የሚጠቅመው ምስክር፥ «ጉድለቴን ዐውቃለሁ፥ በገዛ ልጆቼ አፍ ራሴን እወቅሳለሁ፥ እያረምሁም ነው» የሚል ነው። ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ በገባችበት በዚያው በ1916 ዓ.ም. የባሪያን ንግድ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥታ ነበረ። ዐዋጁ ይበልጥ የሚታመነው ከዐዋጁ በፊትም በኋላም በአደባባይ ሰው ስለ ጉድለቱ በነጻነት ሲናገር በተሰማ ነበረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ተረት ለመንግሥትም ይሠራል።

ሦስተኛው መልስ በመጽሐፍ አለ። ዳዊት በኦርዮ ላይ በበደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን የመጣው ስለ አንዲት በግ በሚናገር ምሳሌ ነው። ንጉሡ የምሳሌውን ሰም ሰምቶ በባለጸጋው ላይ ፈረደ፤ ወርቁ በተገለጠለት ጊዜ ግን ፍርዱ በራሱ ላይ ሆነ። ዳዊት ናታንን ቢያስገድለው ኖሮ፥ የእስራኤል ገመና ተሸፍኖላት በአሕዛብ ፊት የከበረች ትሆን ነበርን? አትሆንም። ዳዊት ከነገሥታት ሁሉ የተለየበት፥ በደል ስለሌለበት አይደለም፤ ወቃሽን ስለ ታገሠ ነው። የአገራችንም የቀደሙ መሳፍንት እረኛ ምን አለ እያሉ መጠየቃቸው፥ ነጻ አፍ ከሹማምንት ወሬ ይልቅ እውነት እንደሚያመጣ ስለ ዐወቁ ነው።

የነጻ አፍን ኀይል ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ፈጥኖ ማወቁ የሚያስገርም ነው። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ በየመንገዱ የሚዞሩ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እየያዙ እንዲረሽኑ አዘዘ፤ የኢጣልያ አገዛዝ በቶሎ ይወድቃል እያሉ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ብሎ ፈርቷልና። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር አንድ ማሲንቆ ከያዘ ሰው ፈራ። እንግዲህ ጠላት አዝማሪን በጥይት ዝም የሚያሰኝ ከሆነ፥ ወዳጅ የሆነ መንግሥት የገዛ አዝማሪውን በትእዛዝ ዝም ሲያሰኝ የማንን ሥራ እየሠራ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህን ስል ግን ጥበበኛ የፈለገውን ሁሉ ያለ ልክ ይናገር ማለቴ አይደለም። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሥርዐት የሌለው ነጻነት ጩኸት እንጂ ዜማ እንደማይሆን ያውቃል። የእኔ አሳብ ዕርማትና ክልከላ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለመለየት ነው። ዕርማት በእውቀት ላይ የቆመ ነው፤ ክልከላ በሥልጣን ላይ የቆመ ነው። ዕርማት በጉባኤ ፊት ይነገራል፤ ክልከላ በጓዳ ይነገራል። ዕርማት ምክንያት ይሰጣል፥ መልስም ይቀበላል፤ ክልከላ ግን ይበቃል ብሎ ይዘጋል። ዕርማት ቅኔውን የተሻለ ያደርገዋል፤ ክልከላ ቅኔውን ያጠፋዋል፥ ወይም ባለቅኔውን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ባለጥበቡም በበኩሉ ዕዳ አለበት፤ የሚወቅሰውን ነገር ማወቅ፥ በገዛ ስሙ መናገር፥ ሲታረምም መስማት። ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን ለማቅናት የሚናገር ከሆነ፥ ወቀሳው ከምስጋና ይልቅ የፍቅር ምልክት ነው።

ነጻ የሆነ ጥበብ በመንግሥታት መካከል ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከአራዳ ጥቂት ወርደን የአፍሪካን አዳራሽ እንመልከት። አፈወርቅ ተክሌ፥ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ሥዕላቸው የሚታየው ሠዓሊ፥ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚያ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስተዋት ሥዕል ሠርተዋል። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ የአሁን ትግልና የወደፊት ተስፋ ያሳያል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነታቸውን ቻርተር የፈረሙት በዚሁ አዳራሽ ነው። ሥዕሉ መከራውን ሸሽጎ ተስፋውን ብቻ ቢያሳይ ኖሮ ሌሎቹ ሕዝቦች የራሳቸውን መልክ ባላዩበት ነበር። ሰው ለሰው ወዳጅ የሚሆነው በጌጡ አይደለም፤ በቍስሉ ይተዋወቃል፥ በተስፋውም ይተባበራል።

ደግሞም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እናስብ። በልጅነቱ ግዕዝና ቅኔ የተማረ፥ በዚሁ በአራዳ በፋሺስቶች እጅ ስለ ተገደሉት ስለ አቡነ ጴጥሮስ ቴያትር የጻፈ ሰው ነው። ከደረሳቸው ቴያትሮች መካከል በመንግሥት የታገዱበት ነበሩ። ነገር ግን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1978 ዓ.ም. ለተቀበለው መዝሙር ቃሉን የደረሰው ይኸው ሰው ነው፤ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት የሚዘምረው ያንኑ ነው። ከ1913 ዓ.ም. እስከ ጸጋዬ ዘመን አገዛዙ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተለዋወጠ፤ ነገሩ ግን አንድ ሆኖ ቀረ። በቤቱ የታገደው አፍ በውጭ የአገሩ ክብር ሆነ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በቤቱ እውነት ለመናገር የደፈረ ሰው ብቻ ነውና በውጭ ሲናገር የሚታመነው።

ምናልባት አንባቢ፥ ስለ ቅርሳችን መመለስ ለምን አልተናገርህም ይለኝ ይሆናል፤ በሕዝቦች መካከል ስለ ሥልጣኔ ሲነገር ፊት የሚነሣው እርሱ ነውና። በ1939 ዓ.ም. ኢጣልያ የፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን የጥበብ ሥራ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ። በ2000 ዓ.ም. በቀድሞ ስፍራው ሲቆም ሁላችንም ደስ አለን፤ ሊለንም ይገባል። ዳሩ ግን አንድ ነገር አስቡ። ሌላው የወሰደብንን ድንጋይ ውል ይመልሰዋል፥ ቢዘገይም ይመልሰዋል። እኛው በገዛ እጃችን ያስቀረነውን ቃል ግን ከየትኛው መንግሥት እንጠይቃለን? ሳይነገር የቀረ ቅኔ በሮማ አደባባይ አልቆመም፥ በሎንዶን ቤተ መዘክርም አልተቀመጠም፤ የትም የለም። ከተዘረፈው ቅርስ ይልቅ የጠፋው እርሱ ነው።

ሕጉስ አልጐደለንም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሰው ልጆች መብት መግለጫ ሲጸድቅ ድምፅዋን ከሰጡት መንግሥታት አንዷ ናት፤ የዚያ መግለጫ 27ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በነጻነት በኪነ ጥበብ እንዲካፈል ይናገራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ29ኛው አንቀጽ አሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጥን ፈቅዶ፥ የቅድሚያ ምርመራን ከልክሏል። ነገር ግን ሕግ ደጁን ይከፍታል እንጂ ሰውን እጁን ይዞ አያስገባውም። እኔን በዚያ ቀን ያስገደደኝ ሕግ አልነበረም፤ ወታደርም አልቆመብኝም። አንድ ትሑት ሰው ለመነኝ፥ እኔም እሺ አልሁ። ከክልከላ ሁሉ የሚከፋው ባለቅኔው በገዛ ልቡ ውስጥ ያቆመው ዘበኛ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርሁ። ይህ ዘበኛ ደመወዝ አይከፈለውም፥ ሌሊትም አይተኛም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንግሥት እንግዳ ሲጠራ ባለጥበቡን ይጥራ፥ ርእስም ይስጠው፥ ዋጋውንም ይክፈለው፤ ምሥጢሩን ግን ለእርሱ ይተውለት። ሊቃውንትም በየጉባኤያቸው ያርሙ፤ ዕርማታቸውም በእውቀት ይሁን እንጂ ሹም በመፍራት አይሁን። እኛም የከተማ ሰዎች በአገራችን ላይ የተነገረ ወቀሳ በሰማን ጊዜ፥ እንግዳ ሰማብን ብለን ከመደንገጣችን በፊት እውነት ነው ወይስ ሐሰት ነው ብለን እንጠይቅ። ሐሰት ከሆነ በቅኔ እንመልስ፤ እውነት ከሆነ ግን ቅኔውን ትተን ጉድለቱን እናርም። ድኻውን ከደጅ ከማንሣት ይልቅ ድኽነቱን ማንሣት ይሻላል፤ ያን ጊዜ እንግዳው የሚያየውም ባለቅኔው የሚወቅሰውም አይኖርም።

እኔም ለራሴ ፍርድ ሰጥቻለሁ። ያንን መወድስ ሳልጥለው ቀርቻለሁና ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቼ ሰሙንም ወርቁንም አድርጌ ነገርኋቸው፤ ለምን ሳይነገር እንደ ቀረም አልሸሸግኋቸውም። ከእነርሱ አንዱ፥ ገና ልጅ የሆነ፥ «የኔታ፥ እንግዳው ቢመለስ ይነግሩታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እነግረዋለሁ አልሁት። ሽማግሌው እንግዳ ዕድሜው የገፋ ነበረና ዳግመኛ መምጣቱን አላውቅም። ነገር ግን ሌላ እንግዳ መምጣቱ አይቀርም፤ ጊዮርጊስ አደባባይ ከእንግዳ ተለይቶ አያውቅምና። በመጣ ጊዜ ሰሙን ከነወርቁ እንድናቀርብለት እግዚአብሔር ልብ ይስጠን።